ከማራኪ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ያለው ጋራዥ እና የቪትዜ ሚኒሞ

ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) የሚረበሽ መኪና ይዞ በጎንደር መንዳት ምን ያህል ልብ እንደሚያደርቅ በደንብ የሚረዳው፣ በጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ከፊቱ ሕዝብ ከኋላው ባጃጅ አሰልፎ የወጣ ሰው ነው። ባለፈው ጥር፣ በከተራ ዋዜማ፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዶች ተቀብዬ ስመለስ መኪናዬ በዚያ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። እንግዶቼ በትሕትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር፤ የባጃጁ ነጂ ግን እንዲህ ያለ ትሕትና አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ስላስመረመርሁበት አንድ ጋራዥ የምሰጠው አስተያየት ሲሆን፣ የጋራዡን ስም ያልጠቀስሁት በበሩ ላይ የሚነበብ ታፔላ ስለሌለው ነው።

መኪናዋ 1.3 ሊትር ሞተርና አውቶማቲክ ማርሽ ያላት የመጀመሪያው ሥሪት ቶዮታ ቪትዝ ናት። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ስለሆነች መሪዋ በስተቀኝ የነበረ ሲሆን፣ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ወደ ግራ ተዛውሮላታል። ይህ ዝርዝር ተራ የመኪና ታሪክ ይመስል ነበር፤ የችግሩ ሥር ያለው እዚያ መሆኑን የተረዳሁት ግን ሁለት ወር ከተንገላታሁ በኋላ ነው። በእኛ ከተማ ከሚሽከረከሩት ቪትዞች መካከል መሪያቸው የተዛወረ ጥቂት ስላልሆኑ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ለእኔ ብቻ የሚጠቅም አይመስለኝም።

የሕመሙ ምልክት እንዲህ ነበር። መኪናዋ ስትጓዝ ምንም እንከን አይታይባትም፤ ዳገትም ትወጣለች፣ ነዳጅ ሲሰጣትም ሳትንገራገር ትፈተለካለች። ነገር ግን መብራት ላይ ወይም በሰው ብዛት ምክንያት ስቆም፣ ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ እንዳለ ፍሬን ረግጬ ስጠብቅ፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቪትዞች የእኔም በመሐል የተቀመጠ ፍጥነትን በቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ እንጂ የሞተር ዙር መለኪያ የላትም፤ በመሆኑም የሕመሙን ክብደት የምለካው ከመስተዋቱ ላይ ባንጠለጠልሁት መቁጠሪያ ነበር። በደህናው ቀን ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ በክፉው ቀን ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሲንቀጫቀጩ ይሰማል። ማርሹን ወደ ኒውትራል ስመልሰው መንቀጥቀጡ ፈጽሞ ባይጠፋም በግማሽ ይቀንሳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር የመጀመሪያው መካኒክ አልጠየቀኝም፤ እኔም ቁም ነገር ነው ብዬ አልነገርሁትም።

ስለዚያ የመጀመሪያ ጋራዥ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የት እንዳለም አልናገርም። እዚያ የሠሩልኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቸኳዮች ነበሩ። መመርመሪያ መሣሪያቸውን ከመኪናዋ ሶኬት ጋር አገናኝተው ፒ 0300 የሚል ኮድ አነበቡ። ይህ ኮድ የሚለው በየሲሊንደሩ አልፎ አልፎ ሳይቃጠል የሚያልፍ ነዳጅ አለ ነው እንጂ፣ ሳይቃጠል የቀረበትን ምክንያት አይናገርም። እነርሱ ግን ኮዱን እንዳነበቡ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቃጥሉትን አራቱንም ካንዴላዎች ቀየሩ፤ ለውጥ ሲጠፋ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጥ አንድ ቦቢና ቀየሩ፤ አሁንም ለውጥ ሲጠፋ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚመጥነው ጉሮሮ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ አዙረው «ሚኒሞውን ከፍ አድርገንልዎታል» ብለው ሸኙኝ። ለአራት ካንዴላ 4,400 ብር፣ ለቦቢናው 5,500 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 1,000 ብር፣ በድምሩ 10,900 ብር ከፈልሁ። መንቀጥቀጡ ለአራት ቀን ጋብ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ላይ ማርሹ ዲ ሲገባ መኪናዋ በራሷ ወደ ፊት የምትስብበት ኃይል ስለጨመረ ፍሬኑን ጠንክሬ መርገጥ ነበረብኝ። የአገራችን ሰው በበላ ልበልሃ ሙግት ላይ ከሳሽን ሰምቶ ወዲያው አይፈርድም፤ ኮድ ደግሞ ከከሳሽ አይበልጥም።

በመሐሉ ራሴን በራሴ ልርዳ ብዬ ከአዲስ አበባ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ አንዲት ርካሽ ኮድ ማንበቢያ አስመጥቼ ነበር። መብራቷ በራ፤ ከመኪናዋ ጋር ግን ልትነጋገር አልቻለችም። እነዚህ ርካሽ ማንበቢያዎች የተሠሩት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አስገዳጅ ላደረጉት የጋራ ደንብ ነው፤ በዚያው ዘመን ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ብዙዎቹ የሚናገሩት የአምራቹን የራሱን ቋንቋ ነው። ስለዚህ የቆየ ቪትዝ ያለው ሰው ይህችን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሌላ ሰው ተውሶ ቢሞክራት ይሻለዋል። የእኔን አሁን ያሪስ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ይጠቀምባታል፤ ለእርሱ በደንብ ትሠራለች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከማራኪ ወደ አዘዞ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሲጓዙ፣ በስተግራ ወደ ውስጥ በሚታጠፍ አጭር የኮብልስቶን መንገድ ጫፍ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ይገኛል። ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ ዳስ፣ አንድ የቼኮዝሎቫኪያ ዘመን የሚመስል የብረት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ በየቁጥራቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች አሉ። ባለቤቱ በሃምሳዎቹ አጋማሽ የሚገኝ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ከእርሱ ጋር ሁለት ወጣት ረዳቶች ይሠራሉ። ገና ከመኪናዋ ሳልወርድ የነገረኝ ነገር የምርመራ ዋጋ 1,000 ብር መሆኑን፣ ጥገናውን ከእርሱ ዘንድ ባደርግም ባላደርግም ይህ ገንዘብ የማይመለስ መሆኑን ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት መኪናዬን አስነሥቼ ለመሄድ ቃጥቶኝ ነበር። በከተማችን ማየት በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለተቀየረ ዕቃ ነው። ሆኖም ማየቱን በነጻ ያደረገልኝ ጋራዥ 10,900 ብር እንዳስወጣኝ ትዝ ሲለኝ ቁልፉን ሰጠሁት።

ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የሚያንቀጠቅጥዎት ሲቆሙ ነው ሲሄዱ? ጠዋት ነው ከሞቀ በኋላ? ዲ ላይ ነው ኒውትራል ላይ?» አለ፤ ሲቆም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ይበልጡን ዲ ላይ ነው ብዬ መለስሁ። ራሱን ነቀነቀና ለትንሹ ረዳት «ድንጋይ አድርግ» አለው። ልጁ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ካስገባ በኋላ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ከኒውትራል ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ኒውትራል ደጋግሞ አመላለሰው። ባለጋራዡ በዚህ ጊዜ አንድም ነገር አልነካም፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩን ብቻ ይመለከት ነበር። ዲ በገባ ቁጥር ሞተሩ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያዝባቸው የጎማ ሱፖርቶዎች ላይ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይላል። ሁሉም መኪና በመጠኑ እንዲህ ያደርጋል፤ የእኔ ግን ከመጠን ያለፈ ነበር።

ቀጥሎ ያደረገው ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ የሚረጩትን የኢንጀክተሮች ሶኬቶች አንድ በአንድ እየነቀለ መመለስ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ደህና የሚሠራ ሲሊንደር ነዳጁ ሲቋረጥበት ሞተሩ ወዲያው ይደክማል፤ ቀድሞውንም የማይሠራ ሲሊንደር ከሆነ ግን ሶኬቱ ተነቀለ አልተነቀለ ለውጥ አይሰማም። ብዙዎች ይህን ሙከራ የቦቢናውን ሶኬት በመንቀል ያደርጉታል፤ እርሱ ግን ብልጭታው ተቋርጦ ነዳጁ መፍሰሱን ከቀጠለ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ መውጫው መስመር ላይ ያለውን ጭስ የሚያጣራ ካታላይዘር ያቃጥላል በማለት ከነዳጁ በኩል መንቀልን ይመርጣል። የአራቱም ሲሊንደሮች ሶኬት በየተራው ሲነቀል ሞተሩ እኩል ደከመ። ይህ ማለት ችግሩ የአንድ ካንዴላ፣ የአንድ ቦቢና ወይም የአንድ ኢንጀክተር ሳይሆን አራቱንም በጋራ የሚነካ ነገር ነው ማለት ነው። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ያለ አንዳች ወጪ፣ የገዛሁት ቦቢና ትርፍ እንደነበር ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ነው መመርመሪያ መሣሪያውን ያወጣው። እዚህ ላይ የሁለቱ ጋራዦች ልዩነት በጉልህ ይታያል፤ መሣሪያው ተመሳሳይ ሲሆን የሚነበበው ገጽ የተለየ ነበር። ይህ ሰው ኮዱን በጨረፍታ አይቶ አለፈውና ሞተሩ እየሠራ የሚለዋወጡትን ቁጥሮች ከፈተ። የመኪናው ኮምፒውተር በጭስ መውጫው ላይ ካለው የኦክስጅን ሴንሰር በሚያገኘው መረጃ መሠረት ከመደበኛው ልኬት ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ በመቶኛ ያሳያል። በደህና ሞተር ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ እስከ 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ቢል አያስደነግጥም። የእኔ መኪና በኒውትራል 12 በመቶ፣ በዲ 26 በመቶ ትጨምር ነበር፤ ነዳጅ ተረግጦ ዙሩ 2,500 ሲደርስ ግን ወደ 4 በመቶ ወረደች። ባለጋራዡ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ «አየር ትሰርቃለች» አለ። ነገሩን ሳስበው ግልጽ ነው። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ፣ በስንጥቅ በኩል ሳይለካ ሾልኮ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ከፍ ያለ ድርሻ ይይዝና የነዳጁንና የአየሩን ምጣኔ ያዛባል፤ ዙሩ ሲጨምር ያው ስንጥቅ ከሚገባው ብዙ አየር አንጻር ኢምንት ይሆናል። ችግሩ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተዘጋ ፊልትሮ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚከፋው በተቃራኒው ዙሩ ሲጨምር ነበር።

ሌላ አንድ ሙከራም አድርጓል፤ እርሱን የማነሳው ስለ ጎንደር የሚናገረው ነገር ስላለ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየሲሊንደሩ ግፊት ሲለካ ከ155 እስከ 160 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አነበበ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴ መኪና በተመሳሳይ ንባብ ምክንያት «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ተብሎ ስለነበር ደነገጥሁ። ባለጋራዡ ግን ሳቅ አለና በእጁ ወደ ሰማይ አመለከተ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ ያህል ያንሳል፤ ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ፣ በጠለል ላይ 200 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 155 አካባቢ ቢያነብ ምንም አልጎደለበትም። በመመሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቃል በቃል ይዞ እዚህ አገር ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ሊፈታ ይችላል። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው፤ የእኔዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። በድሮው የካርቡራተር ዘመን ይኸው ከፍታ ሞተሩን ነዳጅ እያበዛበት ነዳጁን የሚመጥነውን ጂግለር ማስቀየርን ይጠይቅ ነበር፤ የአሁኖቹ አየሩን ለክተው ነዳጁን ስለሚያስተካክሉ ከዚያ ጣጣ ተገላግለናል፤ የሚገባው አየር በሙሉ በመለኪያው በኩል እስካለፈ ድረስ።

ያ የሚሾልክ አየር ከየት እንደሚገባ የተገኘበት መንገድ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የተለመደው ዘዴ ሞተሩ እየሠራ በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ የካርቡራተር ማጽጃ መንፋትና ዙሩ የሚለወጥበትን ቦታ መፈለግ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሞተር የጭስ ማኒፎልዱ የሚገኘው ከኋላ፣ በሞተሩና በጎጆው (በተሳፋሪው ክፍል) ግድግዳ መካከል በመሆኑ፣ በዚያ በጋለ ብረት አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት አልፈለገም። በምትኩ ረዳቱ ከመደርደሪያ ላይ ሁለት ቱቦ የተበየደበት አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ አመጣ። በአንዱ ቱቦ ከኮምፕረሰር በጣም የቀነሰ አየር ይገባል፤ ውስጡ በባትሪ የሚሞቅ ሽቦ በዘይት የራሰ ጨርቅ ላይ ጭስ ይፈጥራል፤ በሌላው ቱቦ ጭሱ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ወደ አየር ማስገቢያው ይላካል። ጭሱ ገባ፤ ጠበቅን፤ ከየትም አልወጣም። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ስል ባለጋራዡ ረጅም ወፍራም አጣና አንሥቶ በሞተሩና በቻንሲው መካከል አስገባና፣ ሞተሩን ዲ ላይ በነበረ ጊዜ ወደሚያዘነብልበት ወገን በዝግታ ገፋው። በዚህ ጊዜ ከጎጆው ግድግዳ አጠገብ፣ ከወፍራም ጥቁር ቱቦ ሥር፣ ቡና ሲፈላ ከማጨሻ እንደሚነሣ የዕጣን ጭስ ቀጭን ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። አጣናውን ሲለቀው ጭሱ ጠፋ። ደግሞ ሲገፋው ወጣ። ትንሹ ረዳት «ያውና!» ብሎ ጮኸ፤ ባለጋራዡ ምንም አላለም፤ አጣናውን ወደ ጥጉ መልሶ አስደገፈ።

ቱቦው የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ነበር። የፍሬን መርገጫን የሚያቀለው ሰርቮ ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ባዶነት ሲሆን፣ ይህም በአንድ ወፍራም ቱቦ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይደርሰዋል። የመኪናዬ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር ሰርቮውም አብሮ ስለተዛወረ የፋብሪካው ቱቦ አልደረሰም፤ ያዛወሩት ሰዎች ለውኃ የሚሆን ተራ ቱቦ ቆርጠው በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) አስቀጥለውበታል። ተራ ቱቦ ከውስጥ የሚስብ ኃይል ሲበዛበት ይኮማተራል፤ ሙቀትም ያደርቀዋል። ሲወጣ ከመጋጠሚያው አጠገብ በታች በኩል የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበረው፤ ባለጋራዡ በሁለት ጣቱ ጎንበስ ሲያደርገው ይከፈታል፣ ሲያቀናው ይዘጋል። ያረጀው ሱፖርቶ ሞተሩ ዲ ላይ ከመጠን በላይ እንዲያዘነብል ስለፈቀደለት፣ ሞተሩ ባዘነበለ ቁጥር ቱቦውን እየሳበ ስንጥቁን ይከፍተው ነበር። የመቁጠሪያዬ መንቀጫቀጭ ሙሉ ምስጢር ይኸው ነው። ያሳሰበኝ ግን ከሚኒሞው ይልቅ ሌላው ነገር ነው፦ ያ ቱቦ ፈጽሞ ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ፍሬኑ ይደድር ነበር፤ ይህም ሊሆን የሚችለው ምናልባት ከፒያሳ ወደ መዋኛው ስወርድ ነው።

ጥገናው ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። በውስጡ ክር ያለው፣ ለሰርቮ ተብሎ የተሠራ ቱቦ በከተማ ውስጥ በሚፈለገው ርዝመት ስላልተገኘ መኪናዋ ሁለት ቀን አደረች፤ ቱቦው ከመጣ በኋላ ያለ አንዳች ቅጥያ ከማኒፎልዱ እስከ ሰርቮው በአንድ ወጥ ተዘረጋ። አየሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈውን ቫልቭ በአፉ እየነፋና እየሳበ ፈትሾ፣ ቀስቷን ወደ ሞተሩ አዙሮ መልሶ ገጠማት። ቱቦው ሲስተካከል ዙሩ 1,100 ላይ ቆሞ አልወርድም አለ፤ ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ጋራዥ ያዞራት ብሎን ውጤት ነው። ያች ብሎን በፋብሪካ የተለካች እንጂ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም፤ በፋብሪካ የተቀባባት ምልክት ተሰንጥቆ ስለነበር ምን ያህል እንደተዞረች ይታይ ነበርና ወደ ቦታዋ መለሳት። ጉሮሮውን ከጥላሸት አጸዳ፤ ሚኒሞውን የምትቆጣጠረዋን የአየር ቫልቭ አብሮ አጠበ፤ ኮምፒውተሩ ለስንጥቁ ብሎ የለመደውን ትርፍ ነዳጅ እንዲረሳ አደረገና ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ሳይነካው አስቀመጠው። በመጨረሻ ዙሩ 700 ላይ ጸና፤ ኤሲ ሲከፈት ጥቂት ከፍ ብሎ ረጋ። ዲ ላይ የነዳጅ ጭማሪው 3 በመቶ ነበር።

ካንዴላዎቹንም አይቷቸዋል። አሮጌዎቹን በኪስ ይዤ ሄጄ ስለነበር በጠረጴዛው ላይ ከአዲሶቹ ጎን ደረደራቸው። አሮጌዎቹ ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ክፍተታቸውም ለዚህ ሞተር እንደሚገባው 1.1 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከአዲሶቹ መካከል ሁለቱ 0.8 ሲሆኑ በአንደኛው ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ፊደል ጎድሎታል። ክፍተታቸውን አስተካክሎ መለሳቸው እንጂ ሌላ እንድገዛ አልጠየቀኝም። አሮጌዎቹን ግን «አይጣሏቸው» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የክፍያው ዝርዝር ይህ ነው፦ ምርመራ 1,000 ብር፣ ቱቦ 1,400 ብር፣ ፋሸታዎች 200 ብር፣ የጉሮሮ እጥበት 800 ብር፣ የእጅ ዋጋ 1,500 ብር፣ በድምሩ 4,900 ብር። የምርመራው 1,000 ብር በመጀመሪያ አንገፍግፎኝ ቢሆንም አሁን ከሁሉ ይልቅ ያለ ቅሬታ የምከፍለው እርሱን ነው፤ መካኒክ ላወቀው ነገር ካልተከፈለው የሚያተርፈው ከሚሸጠው ዕቃ ብቻ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዕቃ መሸጡ አይቀርም።

ጋራዡ ያለ እንከን ነው ማለቴ አይደለም። ደንበኛ የሚቀመጥበት አንድ አግዳሚ ብቻ ሲሆን እርሱም ፀሐይ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፕረሰሩ ስለሚቆም የጭስ ምርመራው ይቋረጣል፤ በእኔ ጊዜም አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቄያለሁ። ስልክ አያነሣም። ሁለቱን ቀን ሙሉ ቱቦው ይምጣ አይምጣ ለማወቅ በባጃጅ መመላለስ ነበረብኝ፤ ሥራ ያለው ሰው ይህን ሊታገሥ አይገባውም። ደረሰኝ ስጠይቅ መጀመሪያ በደብተር ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ የተቆረጠ ደረሰኝ ያገኘሁት ጠንከር ብዬ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ናፍጣ መኪና አይቀበልም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ያልደረሰ ሰው በዚያ ቀን ተራ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና ብቻ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ተፈትቶ ሲያድር ደግሞ ቦታው አንድ ብቻ ይሆናል።

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልጨምር። ሚኒሞው የተረበሸው ከጀሪካን ከተገዛ ቤንዚን በኋላ ከሆነ ይህን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነዳጅ የሚያመጣው መንገራገር ሲጓዙም ሲቆሙም ስለሚኖር፣ ምርመራው ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው የቪትዝ ሥሪት 1.0 ሊትር ሞተር ሦስት ሲሊንደር ብቻ ያለው በመሆኑ በተፈጥሮው ሲቆም ይርገበገባል። እኔ በጠበቅሁበት ቀን እንዲህ ያለ መኪና ይዘው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ባለጋራዡ ቁጥሮቹን አይቶ «እማማ፣ ይቺ ጤነኛ ናት፤ ጠባይዋ ነው» ብሎ የምርመራውን ብቻ አስከፍሎ መለሳቸው። ሴትዮዋ እያጉረመረሙ ነበር የሄዱት፤ እኔ ግን ምንም ሳይቀየርላቸው በመሄዳቸው ቀናሁባቸው።

ከጥገናው ወዲህ ሦስት ወር አልፏል። በዚህ መካከል ወደ ባሕር ዳር አንድ ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ መኪናዋ አንድም ጊዜ ቆማ አልጠፋችም። ያረጀው ሱፖርቶ ግን እስካሁን አልተቀየረም። ባለጋራዡ አዲሱ ቱቦ ሞተሩ ቢያዘነብልም እንዳይሳብ ትርፍ አድርጎ ስለዘረጋው የሚያስቸኩል ነገር የለም ብሎኛል፤ ከነጭርሱ እንዳይረሳ ደግሞ በቱቦው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ኦርጅናሉን ሱፖርቶ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ለሚያውቀው ሰው አዝዞልኝ ግማሹን ቀብድ ከፍያለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ ይደርሳል ተብሏል። ስልክ ስለማያነሣ ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት በሰማያዊው በር ላይ እገኛለሁ።